ሁለት ገጽ

«‹ለ› እየመራች ነው» አለ የአክስቷ ልጅ ላፕቶፑን ወደ እሷ ገፋ እያደረገ። «‹ሀ›ን ካዩት መቶ ሰዎች ውስጥ የሚያዙት ሁለት ናቸው። ‹ለ›ን ካዩት ደግሞ ሰባት። በዚህ ሥራ ሰባት ፐርሰንት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም፤ ግን ፊቱን አይታ ገባት። የአክስቷ ልጅ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ለሱቆች የኢንተርኔት ገጽ ይሠራል፤ ዘመድ ሁሉ የሚጠራው «ፐርሰንት» እያለ ነው። ዛሬ ይዘንባል ወይ ብለው ቢጠይቁት እንኳ በመቶኛ ነው የሚመልሰው። ደስ ሲለው እግሩን ማርገፍገፍ ይወዳል፤ አሁን ጠረጴዛው በሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ እግርህን ሰብስብ። ስፌቱ ይጣመምብኛል» አለች እናቷ ከማሽኑ ጀርባ ሆና።

እናቷ አንድ የቦርሳ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሰፍታለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ከሥራ ማሰናበቻው ደብዳቤ ጋር አንድ አሮጌ ማሽንና አንድ ጥቅል ጥብጣብ ይዛ ወጣች። ጥብጣቡ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ቦግ ብሎ የሚያበራ ዓይነት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ሳሎን ውስጥ የተማሪ ቦርሳ ትሰፋለች፤ በየቦርሳው ጀርባም ያንን ጥብጣብ ትለጥፋለች። ለአራት ወር የገዛት የለም ማለት ይቻላል። ቦርሳው ሶፋው ላይ ተከምሮ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። በመጨረሻ ፐርሰንት መጣና አንዱን ቦርሳ ገልበጥ፣ ሳብ፣ ጎተት አድርጎ አየው።

«አክስቴ፣ ቦርሳው ምንም አልጎደለውም» አለ። «የጎደለው ወሬ ነው።»

ዘዴውም ቀላል ነበር። ለአንድ ቦርሳ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይዘጋጃል። ገጹን ከሚከፍቱት ሰዎች ግማሹ «ሀ»ን ያያል፣ ግማሹ «ለ»ን ያያል፤ ሌላ ጽሑፍ መኖሩን ማንም አያውቅም። ለማን የትኛው እንደሚደርሰው ዕጣ ነው። አንዴ የደረሰውን ግን ስልኩ ይይዘዋል፤ መቶ ጊዜ ቢከፍተው የሚመጣለት ያው ነው። ብዙ ሰው ያሳዘዘው ጽሑፍ ይቀራል፣ ሌላው ይጠፋል።

«ጽሑፍ የምትችል ልጅ ደግሞ አለችን» አለ ፐርሰንት፣ ወደ እሷ እያየ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ዜና የምታነበው እሷ ስለሆነች የክፍሏ ልጆች «ጋዜጣ» ይሏታል። በድርሰት የሚቀድማት የለም፤ ይህንንም ታውቀዋለች።

«ሀ»ን የጻፈችው ለምሳ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ነው። «ጠንካራ የተማሪ ቦርሳ። ድርብ ስፌት። ውኃ አያስገባም። ዚፑ ቢበላሽ በነጻ እንቀይራለን።» ከዚህ ውስጥ ውሸት የሆነ አንዲት ቃል የለችም። ፐርሰንት አነበበና አዛጋ።

«ሰው ስለ ዚፕ አያለቅስም» አለ። «ለ ላይ ሆዱን ያዥልኝ። ልብ የሚነካ ነገር የለሽም?»

ነበራት። የራሷ አልነበረም እንጂ።

«ለ» እንዲህ ትላለች፦ «የቅርብ ጓደኛዬ የሰባት ዓመት እህት ነበረቻት። አንድ ቀን ሲመሻሽ ከትምህርት ቤት ብቻዋን ስትመለስ መንገድ ተሻገረች። ሾፌሩ አላያትም። እናቴ በየቦርሳው ላይ ይህን የሚያበራ ጥብጣብ መስፋት የጀመረችው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።»

ከዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እውነት የሆነው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ልጅቱ የሞተችው ከሁለት ዓመት በፊት በጠራራ ፀሐይ ነው። ጋዜጣ መጀመሪያ «በምሳ ሰዓት» ብላ ጽፋ ነበር፤ ግን ቀን ላይ ጥብጣብ ምን ያበራል? ሰረዘችው። «ሲመሻሽ» ብላ ስትጽፍ ጽሑፉ ራሱ መተንፈስ የጀመረ መሰላት። «ብቻዋን» የሚለው ቃል ደግሞ ሳትጠራው መጣ። ሳይከብዳት መምጣቱ ነው በኋላ ያሳፈራት።

እናቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፤ ከዚያ መነጽሩን አወለቀች።

«የልጅቱን እናት አስፈቅደሻል?»

«አዎ። ጠይቄያታለሁ።»

«ምን አለች?»

«እሺ አለች።»

እናቷ መነጽሩን አጠፈች። «እኔ እኮ ጥብጣቡን የምሰፋው ከፋብሪካ ተርፎ ስለመጣ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ማስታወቂያ ነው፣ አክስቴ» አላት ፐርሰንት። «መሐላ አይደለም።»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። ሶፋው ባዶ ሆኗል፤ እናቷ ከማሽኑ የምትነሳው ለምግብ ብቻ ነው፤ ፐርሰንትም ዛሬ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ውጤቱን ይዞ መጣ።

«ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቴስቱን እዘጋዋለሁ» አለ። «‹ሀ› ትጠፋለች። ‹ለ› ለሁሉም ሰው ትከፈታለች።»

«እንዲህ ከሆነ ቅዳሜ የልጅቱ እናት ቤት እሄዳለሁ» አለች እናቷ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «በሰው ሐዘን እየኖሩ ሄዶ አለማመስገን ነውር ነው።»

ጋዜጣ ደብተሯን ከፈተች፤ አንድም ቃል ግን አላነበበችም።

ያቺ እህቷ የሞተችባት ጓደኛዋ «ቀጮ» ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ገጹ በተከፈተ በሳምንቱ «ሊንኩን ላኪልኝ እንጂ፣ ልኮራብሽ» ብላ ነዘነዘቻት። ጋዜጣ ፐርሰንትን፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን መምረጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። አይቻልም፣ አላት። እምቢ የምትልበት ሰበብ ስላጣች ላከችላት፤ ስልኳን አልጋው ላይ ገልብጣም መልስ እስኪመጣ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደች።

መልሱ መጣ። «ዚፑን በነጻ እንቀይራለን የሚለው ተመችቶኛል። ለአክስቶቼ ሁሉ ልኬዋለሁ።»

ለቀጮ የደረሳት «ሀ» ነበር። ጋዜጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። የቀጮ ስልክ ያየውን ይይዛል፣ ሁልጊዜም የሚመጣላት «ሀ» ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ከቀጮ አክስቶችም ምንም ወሬ ስላልመጣ ሁለት ሳምንት በዚያ ተጽናንታ ኖረች።

ዓርብ ጠዋት የሒሳብ መምህራቸው ዘግይተው ክፍሉ ይንጫጫ ነበር። «ዲጄ» የሚሉት ልጅ፣ ከቦርሳው ውስጥ ድምፅ ማጉያ የማይጠፋው፣ ዴስክ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

«ጋዜጣ፣ እናትሽ ቦርሳ ትሸጣለች እንዴ? እህቴ አዝዛ ነው ያየሁት። አጻጻፍሽ ግን አንደኛ ነው፤ እህቴን አስለቅሰሻታል።» ከዚያም ሊያበሽቃት ብሎ ሳይሆን፣ በእርግጥ ስላደነቀው፣ ከስልኩ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «የቅርብ ጓደኛዬ የሰባት ዓመት እህት ነበረቻት። አንድ ቀን ሲመሻሽ…»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የቅርብ ጓደኛዋ ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። እሱ ራሱ እዚያ ሲደርስ ነቃ፤ ድምፁ ወረደ፤ ግን አንዴ ጀምሮታል።

ቀጮ ተነሳች።

«ያንን ገጽ አውቀዋለሁ» አለች። «እንዲህ የሚል ነገር የለበትም።»

«ይኸው እኮ ነው።»

«የለበትም አልኩህ።» ስልኳን አውጥታ ከፈተችና ለዙሪያዋ አሳየች። «ድርብ ስፌት። ውኃ አያስገባም። ዚፕ። የታለ? አሳየኝ።»

ልጆች አንገታቸውን አስግገው አዩ። በእርግጥም አልነበረም።

«የኔ ላይ አለ እኮ!» አለ ዲጄ።

«አንተ ጽፈህበት ነዋ። ባለፈው የዳይሬክተሩን ፎቶ ቀያይረህ የሠራኸውን ረሳኸው?» አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። ቀጮ ግን አልሳቀችም። «በሌላው ሁሉ ሙድ ያዝ። በእህቴ አትይዝም።»

ዲጄ አንገቱን አዞረ። «ጋዜጣ፣ ንገሪያቸው እንጂ። አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። አፏን ብትከፍት ኖሮ የምትለው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም። ያደረገችው ግን ይህ ነው፦ አቀርቅራ ደብተሯን አየች። በሩ ተከፍቶ መምህሩ ገቡ፤ ቀጮ እያለቀሰች ነበር፤ ለምን እንደሆነ ከአሥር አፍ ተነገራቸው። ዲጄ ሲምል ሲገዘት ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተወሰደ። ሲያሾፍ ኖሮ አንድ ቀን እውነት ቢናገር የሚያምነው አጣ። ስልኩ ተቀማ፤ ሰኞ ወላጅ ይዘህ ና ተባለ።

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ቀጮ እንደ ወትሮው ክንዷን በክንዷ ቆለፈች። በመድኃኒት ቤቱና በጎማ ጠጋኙ መካከል ባለው ጠባብ የእግረኛ መንገድ ተያይዘው ሄዱ።

«አንቺ ነሽ ያሳዘንሽኝ» አለች ቀጮ። «እናትሽ ያን ያህል እየለፋች፣ እሱ በስሟ እንዲህ ይቀባጥራል። ሰዎች ቢያምኑትስ?»

ሰዓቱ ከዘጠኝ ተኩል አልፏል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ «ለ» ለሁሉም ትከፈታለች፣ በቀጮም ስልክ። ጋዜጣ የጫማ ማሰሪያዋን የምታስር መስላ ጎንበስ አለችና ለፐርሰንት ጻፈች። «‹ለ›ን አጥፋት። አሁኑኑ።»

«አብደሻል?» ብሎ መለሰ። ቀጥሎ፣ «ለምን?» ቀጥሎም ሌላ ምንም ሳይጠይቅ፣ «የእናትሽን ሳይሆን የአንቺን ቃል ሰምቼ ነው የማጠፋው። ይሄው ጠፋች። ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት።»

አለቀ። በዚህ ምድር ላይ ያንን ጽሑፍ ከፍቶ የሚያይ ከእንግዲህ የለም። ቀጮ ትክክል ሆና ትቀራለች፤ ዲጄም ሲዋሽ የተያዘ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ከእሷ የሚጠበቀው ክንዷን መልሳ አቆላልፋ ቤቷ መሄድ ብቻ ነው።

«ሰኞ ከአባቱ ጋር ነው የሚመጣው» አለች ቀጮ። «አባቱ ደግሞ ቀልድ አያውቁም አሉ። ይበለው።»

ጋዜጣ ቀና አለች። ማሰሪያው እንደተፈታ ነበር።

«ዲጄ አልዋሸም» አለች።

«ምን?»

«ገጹ ሁለት ነው። ግማሹ ሰው የሚያየው አንቺ ያየሽውን ነው፣ ግማሹ ሌላውን። ሌላውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ቀጮ እጇን ቀስ ብላ ከክንዷ አወጣች። «አሳዪኝ» አለች።

ጽሑፉ ጋዜጣ ስልክ ውስጥ፣ መጀመሪያ የጻፈችበት ቦታ ላይ ነበር። ሰጠቻት። ቀጮ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ጎማ ጠጋኙ ከኋላቸው በመዶሻ እየቀጠቀጠ ነበር።

«ሲመሻሽ?» አለች። «ስድስት ሰዓት ከሩብ ነበር እኮ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ጥብጣቡ… ቀን ላይ አያበራም። ለዚህ ነው።»

የቀጮ ጣት ስልኩ ላይ አንድ ቃል ነክቶ ቆመ። «ብቻዋን ይላል።»

ጋዜጣ ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ቀጮ አልሰጠቻትም።

«ብቻዋን አልነበረችም። እጇን ይዣት የነበርኩት እኔ ነኝ። ነጠላ ጫማዬ ወልቆብኝ ላነሳ ስል ለቀቅኳት። ይህን ለእናቴም አልተናገርኩም። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

«አንቺን ላለማንሳት ብዬ ነው።» ይህን ስትል ግማሹን ራሷም አምናው ነበር።

«ዋሸሽ» አለች ቀጮ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ ማለት ይቻላል። «ብቻዋን ስትሆን ይበልጥ ስለምታሳዝን ነው።» ስልኩን መለሰችላት። «ስንት ሰው አነበበው?»

«አላውቅም። ሁለት ሺህ ምናምን።»

«ሁለት ሺህ ሰው እህቴ ብቻዋን እንደሞተች አምኗል ማለት ነው።»

ከዚያ ሄደች። አልሮጠችም፣ ዞራም አላየችም። ጋዜጣ ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄዳ ቆመች።

ቤት ስትደርስ ማሽኑ ዝም ብሏል። ፐርሰንት ደውሎ ነበር። እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች፤ ጋዜጣ ቆማ ሁሉንም ነገረቻት፤ የዲጄንም ጭምር። ትጮህብኛለች ብላ ጠብቃ ነበር። ብትጮህባት በተሻላት።

«ጠይቄያታለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«አልጠየቅኳትም።»

እናቷ መሬት መሬት አየች። «እኔም ሳልጠረጥር አልቀረሁም» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን ልደውልላት ስልኬን አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩት። ‹አይሆንም› ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።» ቀጥላም፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ «ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈራሁ» አለች።

ጋዜጣ እናቷ ስትቆጣ፣ ስታዝን፣ ስትደክም አይታለች። ስታፍር ግን አይታት አታውቅም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ለዲጄ ጻፈችለት፤ ስልኩ ስለተቀማ በእህቱ ቁጥር። «ሰኞ ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ። ይቅርታ።» መልሱ ወዲያው መጣ። «አሁን ነው የታወስኩሽ?» ሌላ ምንም የለም።

ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ጠዋት አንድም አዲስ ትእዛዝ አልገባም። እናቷ የተቆረጠውን ጨርቅ አጣጥፋ አስቀመጠችው።

«እኔ ዛሬ እዚያ ቤት አልሄድም» አለች። «በምን ፊቴ።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«እናቷ ታባርርሻለች።»

«ታባርረኝ።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ልትከለክላትም ልትመርቃትም አልቻለችም። ኮሌታዋን ብቻ አስተካከለችላት።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። ጋዜጣ እየሄደች የምትለውን በልቧ አዘጋጀች። አንዱ ዓረፍተ ነገር «ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፍ የለኝም» ብሎ ይጀምር ነበር፤ ጥሩ ነው። ሌላው ስለ እናቷ ችግር ያነሳል፤ የበለጠ ሆድ ያባባል። ሁለቱን አስተያየቻቸው፤ ሁለተኛው የሴትዮዋን ልብ ቶሎ ያራራል ብላ አሰበች። እንዲህ እያሰበች መሆኗ የገባት መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ነው። እግሯ ተገታ። አንድ ብስክሌተኛ ደወሉን እያቃጨለ በጎኗ አለፈ።

ሁለቱንም ተወቻቸው። የቀረውን መንገድ ባዶ አፏን ሄደች።

በሩን የከፈቱት የቀጮ እናት ናቸው። ልብስ ሲያጥቡ ነበር፤ አረፋው እስከ ክርናቸው ደርሷል። ከኋላቸው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቀጮ ቆማለች። አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን አይቶ ለእናቷ የነገረችው ነገር እንደሌለ ማወቅ ይቻል ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ?» አሉ ሴትዮዋ ፈገግ ብለው፤ እንድታልፍም ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ። «ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል።»

ጋዜጣ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም።

«ከመግባቴ በፊት የምነግርዎት ነገር አለ» አለች።